ጎተት አድርጎ ማየት

ጌም መሥሪያው ጎዶት 4.0 እ.ኤ.አ. በ2023 ሲወጣ፣ ኮድ ሳይጻፍ ሣጥኖችን በማያያዝ ጌም የሚሠራበት ቪዥዋል ስክሪፕት የሚባለው ክፍሉ ቀርቶ ነበር። ኮድ መጻፍ ለማይወዱ ሁለት ጓደኞቼ ስል ሣጥንና ሽቦ በሚያሳየው የጎዶት መሣሪያ፣ በግራፍኤዲት ላይ የራሴን ትንሽ ኤዲተር ሠራሁ፤ ኖድ (አንድ ሥራ የያዘ ሣጥን) ከኖድ በሽቦ እያያያዙ የጌማቸውን ሕግ የሚያወጡበት። ሳቢያን ቤታችን ውስጥ፣ ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ድሬን ሁሉ ሲያስተኛ፣ ቬንቲሌተሩን ወደ ኮምፒውተሩ አዙሬ ነው የሠራሁት። አሥር ኖድ ላይ ያምር ነበር። ስልሳ ሲሞላ ድመት የተጫወተችበት ልቃቂት ሆነ።

"ራሱ ያስተካክለው" አልኩ። ኖዶቹን ከግራ ወደ ቀኝ በዓምድ መደርደር፣ ከዚያ እያንዳንዱን ከተያያዙት ጎረቤቶቹ ከፍታ አማካይ ላይ ማስቀመጥ። ሱጊያማ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳተሙት ዘዴ ነው። ሁለት ዓምድ ብቻ ቢኖር እንኳ ሽቦዎቹ በጣም ጥቂት ጊዜ አንዱ በሌላው ላይ የሚያልፉበትን አደራደር በእርግጠኝነት ማግኘት ከባዶቹ የስሌት ችግሮች አንዱ ስለሆነ፣ አማካዩ ጥሩ ግምት ነው እንጂ መልስ አይደለም። ሁለት ወር ፈጀብኝ።

አንዱ ጓደኛዬ የመደርደሪያውን ቁልፍ ተጫነ። ስክሪኑ ጥርት አለ። ትንሽ ዝም ብሎ፣ "አንተ፣ የበሩን ኖድ የት ወሰድከው?" አለኝ። እሱ የሚያውቀው ላይ በስተቀኝ እንደነበረ ነው። ባቡር ጣቢያውን ሌሊት ነቅለው ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ቢተክሉብህ መንገዱ ቢቀና ምን ይጠቅምሃል?

መፍትሔው የመጣው ከአባቴ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ኤሌክትሪክ ሲዘረጋ የኖረ ሰው ነው። ከኋላዬ ቆሞ "ይሄ ቀዩ ወዴት ነው የሚሄደው?" አለኝ። በጣቴ ተከትዬው መሐል ላይ ጠፋብኝ። ሳቀ። "እኛ እኮ እንዲህ ሲሆን አንፈታም። አንዱን ጫፍ ጎተት ታደርጋለህ፣ ማዶ ያለው ልጅ የቱ እንደተነቃነቀ ይነግርሃል።"

በዚያው ማታ ጀመርኩ። ማውሱ ሽቦ ሲነካ ያ ሽቦ ከመነሻው እስከ መድረሻው ይበራል፣ ሌላው ሁሉ ይደበዝዛል። ሽቦው ቤዚየር ኩርባ (ቅርጹን ጥቂት የመቆጣጠሪያ ነጥቦች የሚወስኑት መስመር) ስለሆነ 24 ቦታ ቆራርጬ ከማውሱ እስከ እያንዳንዱ ቁራጭ ያለውን ርቀት እለካለሁ፤ ከ8 ፒክስል ካነሰ ተነክቷል ማለት ነው። ለፍጥነት ብዬ ግን መጀመሪያ በሽቦው ሁለት ጫፎች መካከል ባለው አራት ማዕዘን አጣራ ነበር። ወደ ኋላ የሚመለሱት ሽቦዎች እምቢ አሉ፤ ይበልጥ ግራ የሚያጋቡት እነሱ ናቸው ደግሞ! ሁለት ቀን ፈለግሁት። ለካ ወደ ኋላ ሲዞር ኩርባው ከጫፎቹ ውጭ ያብጣል። የመቆጣጠሪያ ነጥቦቹንም ማዕዘኑ ውስጥ ሳስገባ ተፈታ።

ሽቦ ላይ ሁለቴ ሲጫኑ ማጠፊያ ነጥብ የሚፈጠረውን አንሪል ከሚባለው ሌላ ጌም መሥሪያ፣ ብሉፕሪንት ከተባለው የሽቦ ኤዲተሩ ያለ ሐፍረት ወሰድኩ። የኔ ጥፋት ነጥቡ ሲሰረዝ ሽቦውም አብሮ መቆረጡ ነበር፤ አሁን ሁለቱ ጫፎች ይገናኛሉ። የሁለት ወሩን መደርደሪያም አልጣልኩትም። የተመረጡትን ኖዶች ብቻ ይነካል፣ የቀሩት ከቦታቸው ንቅንቅ አይሉም።

የዚያ ጓደኛዬ ግራፍ መሐል ላይ ዛሬም ሦስት ሽቦዎች አንዱ በሌላው ላይ ያልፋሉ። ልደርድርልህ ብለው፣ "እሱን እንዳትነካብኝ፣ በሩን የማገኘው በሱ ነው" አለኝ።