የሚከተለኝ ነገር አለ

"ዶክተር፣ ጣፊያዋን አጣሁት።"

የደወለልኝ አልትራሳውንድ የሚሠራው ባልደረባዬ ነው። በግራ በኩል ከጎድን አጥንቷ ሥር ደጋግሞ ፈለገ፤ ባዶ ነው። ጣፊያው የተገኘው ታች እምብርቷ አጠገብ ነበር፤ ያውም አብጦ።

ሴትዮዋ ከባቲ በኩል የመጣች የሦስት ልጆች እናት ናት። የበላችው ሁሉ ይመለስባታል። በአፍንጫዋ ቱቦ ስናስገባ 2 ሊትር የሚጠጋ ወጣ። ትናንት የበላችው እንጀራ እንዳለ ነው፤ ሐሞት ግን የለበትም። የጨጓራዋ መውጫ ተዘግቷል ማለት ነው።

ካርዷን ገለጥኩ። ከሁለት ወር በፊት ያየኋት እኔ ነኝ። "የጨጓራ ሕመም፤ ኦሜፕራዞል" ይላል፣ የእጅ ጽሑፌ። ያኔ ያለችኝ ትዝ አለኝ፦ "ዶክተርዬ፣ በጎኔ ስጋደም የሚከተለኝ ነገር አለ።" ይህን አልጻፍኩትም። ሆዷንም በጀርባዋ እንደተኛች ነካ ነካ አድርጌ ሸኘኋት። እኛ ጋ ሆዱን ያመመው ሁሉ "ጨጓራ ነው" ይባላል። ታማሚው ይለዋል፣ እኛም እንቀበለዋለን።

ጣፊያን በቦታው የሚይዙት ጅማቶች አሉ። አንዳንዱ ሰው ሲፈጠርም የሉትም፤ በአንዳንዷ ሴት ደግሞ በተደጋጋሚ እርግዝና ይላላሉ። ያኔ ጣፊያው በደም ሥሮቹ ብቻ ተንጠልጥሎ ሆድ ውስጥ ይዞራል። ከተጠመዘዘ ደሙ ይታገትና ያብጣል። አልፎ አልፎም ጨጓራውን ይጫነዋል።

ወዲያው ቢላ አላነሳንም። ስታስመልስ የከረመች ሰው በደሟ ያለው ፖታሲየም የሚባለው ጨው ይቀንሳል። መጀመሪያ እሱንና ፈሳሹን ተካንላት።

ስንከፍት የጣፊያው የደም ሥር ሁለት ዙር ተጠምዝዞ የጨጓራውን መውጫ አንቆታል። ጣፊያው የረጋ ደም መስሏል። ቀስ ብዬ ፈታሁት። በሞቀ ጨው ውሃ በራሰ ጨርቅ ሸፍነን ጠበቅን። ማደንዘዣ የያዘው ወንድማችን ደቂቃውን ይጠራልን ነበር። በ10ኛው ደቂቃ ጨርቁን ሳነሳ ጫፉ ቀላ ብሏል። ከዚያ ቅላቱ ወደ መሃል ገባ።

ጠቁሮ ቢቀር ማውጣት ግድ ነበር። ግን የምትመለሰው ወባ ወዳለበት ቆላ ነው። ጣፊያ የሌለው ሰው ወባ ይጠናበታል። የሳንባ ምች ባክቴሪያ ደሙ ውስጥ ከገባም በሰዓታት ሊጥለው ይችላል። ለዚህ ነው የዚያን ጫፍ ቅላት ሳይ እጄ የተንቀጠቀጠው። በግራ ጎኗ ከሆድ ዕቃ ሽፋን ጀርባ ኪስ ሠራንለትና አስገብተን ሰፋነው። ጨጓራውንም እንዳይዞር ከሆዷ ግድግዳ ጋር አያያዝነው።

በአምስተኛው ቀን ፍትፍት በላች። እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው "ያ የሚከተላት ምን ነበር፣ ልጄ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። በመጀመሪያው ቀን ልሰማት ይገባኝ እንደነበርም ነገርኳቸውና ሁለቱንም ይቅርታ ጠየቅኩ።

"አብሽር" አሉኝ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። "እስቲ በጎንሽ ተጋደሚ።"

ቁስሏን ደግፋ ቀስ ብላ ዞረች። ሁላችንም ዝም ብለን ጠበቅን።

"የለም" አለች።