የትል ውለታ

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ነገር ነገር ብሎኛል። ምክንያት የለውም። ዝናቡ ይሆናል። ጅማ ክረምት ሲገባ የታጠበ ልብስ ገመድ ላይ ሰንብቶ ሻጋታ ሻጋታ መሽተት ይጀምራል። መብራትም ሄዷል። ቡና ላፍላ ብዬ ከሰሉን ሳየው ርሷል። በዚህ ላይ ጎረቤቴ «እንዴት አደርክ» ሲለኝ ምን ፈልጎ ነው ብዬ አሰብኩ። ዕለቱን ከዚህ መገመት ይቻላል።

ጣቴም አለ። ትናንት ጓሮ ያለችውን ብርቱካን ስከረክም እሾህ ገባበት። እሾሁ ወጥቷል፣ ጣቴ ግን ገና አልሰማም። ቀልቷል፣ አብጧል፣ ይፋጃል፣ ይጠዘጥዘኛል። እነዚህን አራቱን ሮማዊው ሴልሰስ የዛሬ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ አንድ በአንድ ጽፏቸዋል። በኋላ አምስተኛ ተጨመረባቸው፤ የተቆጣው አካል ሥራውን መሥራት ማቆሙ። እውነት ነው፤ ይህንን የምጽፈው በሌላው እጄ ነው።

እሾህ ሲባል ሩሲያዊው ተመራማሪ ሜችኒኮቭ ትዝ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1882 ሲሲሊ ደሴት፣ መሲና ውስጥ ነው። ቤተሰቡ ሰርከስ ሊያይ ወጥቶ እሱ ከማይክሮስኮፑ ጋር ብቻውን ቀርቷል። የሚያየው የባሕር ኮከብ እጭ ነው፤ ውስጡ ወለል ብሎ የሚታይ ትንሽ ፍጥረት። ውስጧ ወዲያ ወዲህ የሚሉ ሕዋሳት አሉ። እነዚህ ነገሮች ሥራቸው መከላከል ቢሆንስ ብሎ አሰበ። ከአትክልቱ ቦታ የጽጌረዳ እሾህ ቆርጦ ከቆዳዋ ሥር ሰነቀረባት። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ሲነጋ ሕዋሳቱ እሾሁን ከበውት አገኛቸው። እጯ ደግሞ የደም ሥር የሚባል የላትም። በዚያን ዘመን ብዙ ሐኪሞች ነጭ የደም ሕዋሳት ጀርሙን ተሸክመው የሚያሰራጩ ይመስላቸው ነበር። ሰውዬው ግን «ይበሉታል እንጂ» አለ። በ1908 ኖቤል ከጀርመናዊው ተመራማሪ ኤርሊክ ጋር ተካፈለ።

ታዲያ ብግነት፣ ይህ የሰውነት ቁጣ፣ ጠባቂያችን ነው። ችግሩ አንዳንዱ ሥራውን ጨርሶ ቤቱ አይገባም። ዓመት ከዓመት ውስጥ ውስጡን ይብላላል። መገጣጠሚያ ያበላሻል፣ የልብ ደም ሥር ውስጥ ገብቶ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ ትልቅ ሙከራ ውጤቱ ታወቀ። ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) አግኝቷቸው የተረፉ ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች ናቸው። የተሰጣቸው መድኃኒት ኮሌስትሮል አይነካም፤ ብግነት የሚቀሰቅስ አንድ መልእክተኛ ብቻ ያፍናል። የድጋሚ ሃርት አታክና መሰል አደጋ ቀነሰ። ግን በኢንፌክሽን የሚሞተው ሰው ቁጥር ጨመረ። ሰውነትን ዝም አሰኝተህ መልሰህ ጠብቀኝ ማለት አይሆንም መሰለኝ።

ወደዚህ ሐሳብ የገፋኝ ግን እሾሁ ብቻ አይደለም። እትዬ ማታ የድምፅ መልእክት ልካለች። ትንሹ ልጇን እንደገና አፍኖት አድሯል። ከኋላ የሚያሳል ድምፅ ይሰማል፣ መሀል ላይ ያቺ ሲር የምትል ፉጨት። አዲስ አበባ ነው የተወለደው። ጫማውን የሚያወልቀው አልጋ ላይ ሲወጣ ብቻ ነው። እትዬ ቤቱን በረኪና ስታጥብ የኔም ዓይን እዚህ ሆኖ ያቃጥለኛል። ሰማያዊዋን በአፍ የምትሳብ የአስም መድኃኒት፣ ቬንቶሊንን፣ ከቦርሳዋ አትለያትም። አስም የአየር ቧንቧ ብግነት መሆኑን፣ ሰማያዊዋ ቧንቧውን ለጊዜው እንደምትከፍት እንጂ ብግነቱን እንደማታበርድ፣ ለዚያ በየቀኑ የሚሳብ ሌላ መድኃኒት እንዳለ ሐኪሙ ነግሯታል። «ልጁ ደህና ሲሆን ለምን እሰጠዋለሁ?» ትለኛለች። እዚህ ላይ ተጨቃጭቀን አንጨርስም።

መልእክቷ መጨረሻ ላይ «ክረምቱን ጅማ ላምጣው? አየሩ ይሻለዋል ይሆን?» አለችኝ።

እዚህ ነው ሐሳቤ የሄደብኝ። እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ስለ ጅማ የወጣ ጥናት አለ። የእኛዋ ጅማ። አጥኚዎቹ ከተማውንና በዙሪያው ያለውን ገጠር አዳርሰው ከ12 ሺህ በላይ ሰው ጠየቁ፤ ደረትህ ያፏጫል? አስም አለብህ? ከተወሰኑት ደግሞ ቆዳ ላይ የአለርጂ ምርመራ ተወሰደ። የከተማው ሰው ከገጠሩ ይበልጥ ያፏጫል። ይሄ ብዙ አይገርምም። እኔን የያዘኝ ሌላው ነው። ከተማ ውስጥ ቆዳው ለቤት አቧራ ተባይ የሚቆጣ ሰው ደረቱም የማፏጨት ዕድሉ ከፍ ይላል። ገጠር ውስጥም ቆዳቸው የሚቆጣ ሰዎች ሞልተዋል፤ ደረታቸው ግን ደህና ነው። መሀል ገብቶ የሚገላግል ነገር አለ ማለት ነው።

በ2001 እዚያው መጽሔት ላይ፣ ስለዚችው ጅማ፣ ሌላ ጥናት መጣ። የሰዎች ሰገራ ተመረመረ። የመንጠቆ ትል በብዛት ያለባቸው የማፏጨት ዕድላቸው ቀንሶ ተገኘ።

ትል! በልጅነታችን ናሙናችንን በክብሪት ቀፎ ይዘን፣ በጋዜጣ ጠቅልለን፣ የሚያውቀን ሰው እንዳያገኘን በአዌቱ ወንዝ ዳር ዞረን ጤና ጣቢያ የምንሄድበት ያ ትል። መንጠቆ ትል በባዶ እግር ገብቶ፣ በሳንባ አልፎ፣ አንጀት ግድግዳ ላይ ጥርሱን ነክሶ ለዓመታት ይቀመጣል። እንዳይባረር ታዲያ የሰውነትን ቁጣ የሚያለዝቡ ነገሮች ያመነጫል። ኪራይ የማይከፍል ግን አከራዩን በወሬ የሚያባብል ተከራይ በሉት። አከራዩ ለእሱ ሲለዝብ ለአቧራውም ይለዝባል ነው ነገሩ። እንግሊዝ አገር ኖቲንግሃም ያለ ፕሪቻርድ የሚባል ተመራማሪ በ2004 የትሉን እጭ በፋሻ ክንዱ ላይ አስሮ ራሱን በትሉ አስይዟል። በኋላ አስም ባለባቸው ሰዎች ላይ ሲሞከር ግን ያን ያህል ለውጥ አልታየም። ለሙከራው የተሰጣቸው ትል በጣም ጥቂት ነበር የሚሉ አሉ። ወስፋት ደግሞ ጭራሽ ተቃራኒው ነው፤ ብዙ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ ወስፋት ያለበት ሰው አስም ይበዛበታል። ትል ሁሉ ትል አይደለም።

አያታችን ቤት ገጠር ስንከርም ሁላችንም ባዶ እግራችንን ነበርን። ቀዩ ጭቃ በጣቶቻችን መሀል ፊጭ እያለ ይወጣል፤ ማታ በጎማ ገንዳ እንታጠባለን፣ ውኃው ቡና ሆኖ ይቀራል። አያታችን ራሷ ጥሬ ሥጋ ስለምትወድ ኮሶዋን በየጊዜው ትጠጣ ነበር፤ የዚያን ዕለት ማንም አያናግራትም። ኮሶ ግን መንጠቆ ትልን አይነካም፣ የኮሶ ትልን ነው የሚያባርረው። እና ከዚያ ሁሉ ልጅ አንድም ሲር የሚል አላስታውስም። ለእትዬ ይህንን ልጽፍላት ነው ስልኬን ያነሳሁት። ስለ ትሉም፣ ስለ ላንሴትም፣ ስለ ፕሪቻርድ ክንድም ጻፍኩላት። በአንድ እጅ። ረጅም ነው። ለመላክ ስል ልጁን በባዶ እግሩ ጭቃ ላይ ስለቀው ታየኝ። ቀጥሎ ደግሞ ያ ተከራይ ደሙን ሲመጥ፣ ልጁ ገርጥቶ ክፍል ውስጥ ሲያንቀላፋ። መንጠቆ ትል የሚታወቀው በደም ማነስ ነው እኮ። ሁሉንም አጠፋሁት። እኔ ራሴ የትል መድኃኒት በየጊዜው የምውጥ፣ ጓሮ ስወጣ ቦት ጫማ የማደርግ ሰው ነኝ። በሰው ልጅ እግር መመራመር አይከብድም።

«ይምጣ፣ ሁለቱንም መድኃኒት ይዘሽ» ብዬ ላኩላት። ጫማውን አልጠቀስኩም።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ያዘኝ። አያታችን ከወለደቻቸው ውስጥ ስማቸው ብዙም የማይነሳ፣ ገና ዳዴ ሳይሉ የተቀበሩ ልጆች ነበሩ። በምን እንደሞቱ ሲጠየቅ «አፍኗቸው» ነበር የምትለው። እና እዚያ ቤት ሲር የሚል ልጅ ያላየነው ትሉ ጠብቆን ነው? ወይስ ሲር የሚሉት እኛን ሳይጠብቁ ስለሄዱ?