ቢጫዋ የጎማ መብራት እና የቸኮለው ጣቴ

ባለፈው ኅዳር መጨረሻ፣ አንድ ብርዳም ማለዳ ላይ መኪናዬን ሳስነሳ ከፍጥነት መለኪያው ሥር አንዲት ቢጫ መብራት በርታ ቀረች። ቅርጿ ክዳን የሌለው ድስት ይመስላል፤ በድስቱ መካከል ቃለ አጋኖ ቆሟል። ባለቤቴ «ድስቱ ተጥዶ ቀርቷል» እያለች ስትቀልድብኝ፣ እኔ መብራቷ የጎማ ንፋስ መቀነሱን እንደምታመለክት ዐውቅ ነበር። ባውቅም ምንም አላደረግሁም፤ ምክንያቱም ሥራ ቦታ ሳልደርስ በራሷ ጠፋች። በማግስቱም ጠዋት በርታ ረፋድ ላይ ጠፋች። በሦስተኛው ቀን መብራቷ ተበላሽታለች ብዬ ደመደምሁ፤ በዚህ ጽሑፍ የምተርከው ስሕተት የሚጀምረውም ከዚህ ድምዳሜ ነው።

መኪናዬ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራች ኮሮላ ናት። አሜሪካኖች ይህን መብራት በሕግ እንዲያስገድዱ ያደረጋቸው፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) በፋየርስቶን ጎማ ይሽከረከሩ በነበሩ የፎርድ ኤክስፕሎረር መኪኖች ላይ የደረሰው የመገልበጥ አደጋ ነው። በ2000 ሕጉ ወጣ፤ ከመስከረም 2007 ጀምሮ ደግሞ እዚያ አገር የሚሸጥ አዲስ ቀላል መኪና ሁሉ ጎማው ከሚመከረው ግፊት በ25 በመቶ ሲወርድ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ እንዲኖረው ግዴታ ሆነ። አውሮፓም በ2014 ለአዳዲስ መኪኖች ሁሉ ተመሳሳይ ግዴታ ጣለች። ስለዚህ ከእነዚህ አገሮች ተጭነው አዲስ አበባ የደረሱ መኪኖች፣ ባለቤቱ ልብ ቢልም ባይልም፣ አብዛኞቹ ይህችን መብራት ይዘው መጥተዋል።

መብራቷ ጠዋት በርታ ረፋድ ላይ የምትጠፋው በብልሽት ሳይሆን በብርዱ ምክንያት ነበር። አየር ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በቀነሰ ቁጥር ጎማው አንድ ፒኤስአይ (የጎማ ግፊት የሚለካበት አሃድ) ያህል ያጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ከሰዓት 24 ዲግሪ ሆኖ ሌሊቱ ወደ 8 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል፤ ይህ ብቻውን ከሁለት ፒኤስአይ በላይ ነው። የእኔ መኪና የሚመከርላት 32 ነው፤ ከ32 ላይ 25 በመቶ ሲነሣ 24 ይቀራል። ጎማዎቼ በደንብ ተሞልተው ቢሆን ኖሮ ሁለት ፒኤስአይ መቀነሱ ወደ 24 አያደርሳቸውም ነበር። እኔ ግን ክረምቱን ሙሉ አንድም ቀን ሳላስለካ ከርሜ ወደ 26 ወርደው ነበርና፣ የሌሊቱ ብርድ የቀረችውን ጨርሶ ወሰናት። ስነዳ ጎማው ይሞቃል፣ ግፊቱ ትንሽ ከፍ ይላል፣ መብራቷም ትጠፋለች። መብራቷ የተናገረችው እውነቱን ነበር።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ጊዜ የሆነው እንዲህ ነው፦ አንድ የሥራ ባልደረባዬ መሪው ሥር፣ ከጉልበት በላይ፣ አንዲት ትንሽ በተን እንዳለች ነገረኝ። በእንግሊዝኛ «ሴት» (SET) የሚል ተጽፎባታል፤ አስተካክል ማለት ነው፤ በአማርኛ ፊደል ሲጻፍ ግን ሌላ ሰው የተጠራ ይመስላል። «እሷን ተጭነህ ቆይ፤ መብራቷ ሦስት ጊዜ ብልጭ ካለች በኋላ አታስቸግርህም» አለኝ። ማታ እቤቴ በር ላይ ቆሜ ተጫንኋት፤ ሦስት ጊዜ በዝግታ ብልጭ አለች፤ ከዚያም ጠፋች። በማግስቱ ጠዋት አልበራችም። በሳምንቱም አልበራችም። ባልደረባዬን ቡና ጋበዝሁት።

በገና ዋዜማ ቤተሰቤን ይዤ በፍጥነት መንገዱ ወደ አዳማ ወረድሁ። መንገዱ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሰው በበዓል ችኩል ስለሚሆን እኔም እንደ ሌላው እግሬን ረገጥ አድርጌ ነዳሁ። ሞጆን እንዳለፍን መሪው ላይ ሳይሆን ከመቀመጫዬ ሥር የሚሰማ፣ ልክ በለስላሳ አፈር ላይ የምንሄድ የሚመስል ስሜት ነበር። ዳሽቦርዱን አየሁ፤ መብራት የለም። መብራት ከሌለ ችግር የለም ብዬ ቀጠልሁ። አዳማ ከተማ ስንገባ ባለቤቴ የጎማ ሽታ እንደሸተታት ስትናገር ግን፣ መጀመሪያ ያገኘሁት ጎሚስታ ጋ ቆምሁ።

ጎሚስታው ሃያ ዓመት የሚሞላው አይመስለኝም። መለኪያውን ከማንሣቱ በፊት የኋላውን ቀኝ ጎማ በእጁ መዳፍ ነካ አድርጎ እጁን አሸሸ።

«ጋሼ፣ በዚህ ጎማ ነው ከአዲስ አበባ የመጡት?»

«መብራቱ እኮ አልበራም» አልሁት።

«መብራቱን ማን ጠየቀው?» ብሎ ሣቀና መለኪያውን ሰካ። 21 አነበበ፤ ያውም በጋለ ጎማ ላይ። ሌሎቹ ሦስቱ 27 ነበሩ። ጎማውን አውልቆ የሳሙና ውኃ ሲቀባው ከጥርሱ መካከል አረፋ ብቅ አለ፤ የተሰካው አናቱ ተበልቶ ያለቀ አጭር ሚስማር ነበር። ከዳርና ከዳሩ ያለው የጎማው ጥርስ ከመካከሉ ይልቅ ተበልቶ አሳየኝ፤ ይህ ብዙ ጊዜ በጎደለ ንፋስ የተነዳ ጎማ ምልክት ነው።

መብራቷ ዝም ያለችበትን ምክንያት ለመረዳት በተኗ በእርግጥ ምን እንደምትሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። በተኗ መብራት ማጥፊያ አይደለችም። በተኗ ሲጫኗት መኪናዋ በዚያች ደቂቃ በየጎማው ውስጥ ያለውን ግፊት ትለካና «ትክክለኛው ይህ ነው» ብላ ትመዘግባለች፤ ከዚያ ወዲያ የምታስጠነቅቀው ግፊቱ ከዚህ ከመዘገበችው በብዙ ሲወርድ ነው። እኔ የተጫንኋት ጎማዎቹ 25 ገደማ ሳሉ ነው። ስለዚህ በራሴ እጅ 25 ሙሉ ንፋስ ነው ብዬ አስተማርኋት፤ ሚስማሩ ቀስ እያለ ሲያስተነፍሰው እሷ ከዚያ በጣም እስኪወርድ መጠበቅ ነበረባት። የቶዮታ የአጠቃቀም መጽሐፍም መጀመሪያ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ በሚመከረው ልክ ይሞላ፣ በተኗ ከዚያ በኋላ ትጫን፣ አለዚያ ንፋስ ቢጎድልም መብራቱ ላይበራ ይችላል ብሎ በግልጽ ያስጠነቅቃል። መጽሐፉ ከመኪናዋ ጋር አብሮኝ ነበር፤ ፕላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም።

ወደ አዲስ አበባ እንደተመለስን በትክክለኛው መንገድ ሠራሁት፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልዘርዝር፣ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ስለሆነ። መጀመሪያ የሚመከረውን ልክ ማግኘት ያስፈልጋል። እሱ የተጻፈው በሹፌሩ በር በኩል ባለው ምሰሶ ላይ በተለጠፈች ወረቀት ላይ ነው፤ ጎማው ላይ የተጻፈው 44 ወይም 51 የሚለው ቁጥር ጎማው የሚችለው የመጨረሻ ግፊት እንጂ ለመኪናው የታዘዘ አይደለም። ብዙ ጎሚስታዎች «ስንት ልሙላ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ መልስ ከሌለን 35ም 40ም ይሞላሉ፤ ጥፋቱም የእነሱ አይደለም።

ሁለተኛው ነገር የጎማው መቀዝቀዝ ነው። መኪናው ቢያንስ ሦስት ሰዓት ያህል ቆሞ፣ ፀሐይም ሳይመታው መለካት አለበት። ይህ በአዲስ አበባ እንዴት ይሆናል? ጎሚስታው ሦስት ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ እስክንደርስ ጎማው ይሞቃል፤ በዚያ ላይ የየጎሚስታው መለኪያ የየራሱ ጠባይ አለው። እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። የራሴን ትንሽ መለኪያ ገዛሁ፤ ጠዋት ከቤት ሳልወጣ እለካለሁ። የፊት ግራው 27 ካለኝ የጎደለው 5 ነው ብዬ ስልኬ ላይ እጽፋለሁ። ጎሚስታው ጋ ስደርስ የእሱ መለኪያ 29 ቢልም 31 ቢልም አያገባኝም፤ ካነበበው ላይ 5 ጨምርልኝ እላለሁ። በዚህ ዘዴ የጎማው መሞቅም ሆነ የመለኪያው ጠባይ ብዙም አያሳስትም። የጋለ ጎማ ግን ከፍ ብሎ ቢነበብ በምንም ምክንያት ማስተንፈስ አይገባም፤ ሲቀዘቅዝ ጎድሎ ያድራል።

ከተሞላ በኋላ በማግስቱ ጠዋት ደግሜ ለካሁ፤ አራቱም 32 ሆነው አገኘኋቸው። መኪናዋ ቆማ፣ ቁልፉን አዙሬ በተኗን ተጭኜ ያዝሁ፤ መብራቷ ሦስት ጊዜ በዝግታ ብልጭ ስትል ለቀቅሁና፣ ቁልፉን ሳላጠፋ ጥቂት ደቂቃ ጠበቅሁ። ያለቀው እዚህ ላይ ነው። ይህ የእኔ መኪና ነው፤ በአንዳንዱ መኪና በተኗ የእጅ ጓንት ማስቀመጫ ሳጥን ውስጥ ትገኛለች፣ በአዳዲሶቹ ደግሞ በስክሪን ላይ በሚወጣ ዝርዝር ውስጥ ናት። ጎማው ውስጥ ምንም መለኪያ የሌላቸው መኪኖችም አሉ፤ እነሱ የእያንዳንዱን ጎማ የመሽከርከር ፍጥነት የሚቆጥረውን የፍሬኑን መሣሪያ ይጠቀማሉ፤ ንፋስ የጎደለው ጎማ ዙሪያው ስለሚያንስ ከሌሎቹ ፈጥኖ ይሽከረከራልና በዚህ ይለዩታል። የእነዚህን በተን ከተጫኑ በኋላ መኪናው የጎማዎቹን ጠባይ እንዲማር ለጥቂት ጊዜ መንዳት ያስፈልጋል። አራቱም ጎማዎች በእኩል ከጎደሉ ግን እንዲህ ያለው መኪና በቀላሉ አያውቅም።

አንድ ወዳጄ፣ አዲስ አበባ ላይ የተሞላ ጎማ ቆላ ሲወርድ ምን ይሆናል ብሎ ጠይቆኝ ነበር፤ ጥያቄው ስለጣመኝ ሒሳቡን ሠራሁት። በአዲስ አበባ ከፍታ የውጭው አየር ግፊት 11 ፒኤስአይ ገደማ ነው፤ አዳማ ላይ 12፣ ባሕር ወለል ላይ 14.7። መለኪያችን የሚያነበው በጎማው ውስጥና በውጭው መካከል ያለውን ልዩነት ስለሆነ፣ በ32 የተሞላ ጎማ ሙቀቱ ሳይለወጥ አዳማ ሲደርስ 31፣ ጅቡቲ ሲደርስ 28 ከግማሽ ያህል ይሆናል። ነገር ግን የቆላው ሙቀት የወሰደውን ይመልሳል፤ ከ10 ዲግሪ ማለዳ ወደ 35 ዲግሪ የገባ ጎማ ወደ 4 ፒኤስአይ ያህል ያገኛል። የጅቡቲ መንገድ ሹፌሮች ይህን ሒሳብ ሳይሠሩ ነው የሚኖሩት።

አሁን ደግሞ መብራቷ ሌላ ጠባይ አመጣች። መኪናውን ሳስነሳ አንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ትልና ከዚያ በርታ ትቀራለች። ይህ ሌላ ቋንቋ ነው፤ ንፋስ ጎድሏል ሳይሆን ከአንዱ ጎማ ወሬ አጣሁ ማለቷ ነው። በየቸርኬው ውስጥ፣ ከቫልቩ ጋር ተያይዛ የተቀመጠች ትንሽ ሴንሰር አለች፤ ባትሪዋ የሚቆየው ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው፤ ባትሪው ታሽጎ ስለሚሠራ ሲያልቅ ሴንሰሯ ሙሉ ለሙሉ ትለወጣለች። ለዚህ በተኗን ቀኑን ሙሉ ብጫናት የሚመጣ ለውጥ የለም። አንድ መካኒክ የመኪናዋን ባትሪ ገመድ ነቅለን ብንመልሰው ይጠፋል ብሎኝ ሞክረነው ነበር፤ ከመኪናዋ የጠፋው የሰዓቱ አቆጣጠርና የሬዲዮ ጣቢያዎቼ ብቻ ናቸው። የአዳማው ልጅ ግን ጎማውን ከቸርኬው ከመንቀሉ በፊት «ይሄ ሴንሰር አለው፤ በቫልቩ በኩል አልጫነውም» ብሎ ማሽኑን በሌላው ወገን ማስገባቱን አስታውሳለሁ፤ ሴንሰሯን የሰበራት እሱ እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ።

ሰፈሬ ያሉ ዕቃ መሸጫዎች ያሳዩኝ ሴንሰር በ433 ሜጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ የሚሠራ፣ ለአውሮፓ መኪኖች የተሠራ ነው። የእኔዋ የምትሰማው 315 ሜጋኸርዝ ብቻ ስለሆነ፣ በመልክ አንድ ቢሆኑም አይግባቡም። ቨርጂኒያ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ ስትመጣ አንድ ይዛልኝ እንድትመጣ ነግሬያታለሁ፤ ከዚያ የሴንሰሯን መለያ ቁጥር በኮምፒውተር ወደ መኪናዋ የሚያስገባልኝ ጋራዥ መፈለግ ይቀረኛል። እስከዚያው መብራቷ በርታ ትቆያለች፤ መለኪያው በሹፌሩ በር ኪስ ውስጥ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት እለካለሁ።