የገና ካርቶኔ ቤቴል ቀረ

አላስካ ገጠር ለሥራ የምትሄዱ ካላችሁ፣ ለእኔ ማንም ያልነገረኝን ልንገራችሁ።

የማስተምረው ኩስኮክዊም ወንዝ ዳር ባለች ትንሽ የዩፒክ (የአላስካ ነባር ሕዝብ) መንደር ነው። መኪና መንገድ የለም። ከአላስካ ትልቁ ከተማ ከአንኮሬጅ እስከ አካባቢው ዋና ከተማ ቤቴል በጄት፣ ከዚያ በጣት የሚቆጠር ሰው በሚይዝ አውሮፕላን ነው የሚገባው። ወንዙ በደንብ ሲረጋ በረዶው ራሱ መንገድ ይሆናል። ጃንዋሪ ላይ ፀሐይ የምትወጣው ረፋድ አምስት ሰዓት አካባቢ ነው።

ስቀጠር የተሰጠኝ ወረቀት “በበዓል ሰሞን ወደ አንኮሬጅ ውጡ፣ ብቸኝነቱ ይከብዳል” ይላል። አትስሙት። የእኛ ገና በሚውልበት በጃንዋሪ 7 የመንደሩ ሰዎችም ልደትን ያከብራሉ። ኦርቶዶክስን ያመጡላቸው የሩሲያ ሚስዮናውያን ናቸው። የቀን አቆጣጠሩም የድሮው ነው። በዓሉን ስላቪክ ይሉታል። በሥዕል ያጌጠ፣ የሚሽከረከር ትልቅ ኮከብ ይዘው ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ በስላቮንኛ (የሩሲያ ቤተ ክርስቲያን የድሮ ቋንቋ)፣ በዩፒክና በእንግሊዝኛ ይዘምራሉ። የቤቱ ባለቤት ሁሉንም ያበላል። ይህ አንድ ሳምንትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል።

እኔ ግን ሐሳቤ ሁሉ ካርቶኑ ላይ ነበር።

ጾሙ እንደገባ ሲያትል ላለች ጓደኛዬ ደወልኩ። አርባ እንጀራ፣ በርበሬ፣ የተነጠረ ቅቤና ጥሬ ቡና በአንድ ካርቶን አሽጋ በአየር ጭነት ላከችልኝ። ጠጅ አላሰብኩም። ብዙዎቹ መንደሮች፣ የእኛንም ጨምሮ፣ መጠጥ ማስገባት በሕግ የተከለከለባቸው ናቸው፤ ጌሾም አትሞክሩ።

ካርቶኑ ጃንዋሪ 2 ቤቴል ገባ። ደስ አለኝ። ቤቴል ማለት እኮ ቅርብ ናት። በማግስቱ ጭጋግ ወረደ። ደወልኩ፤ “ነገ” አለኝ የጭነት ሠራተኛው። በሦስተኛው ቀን ዝናብ ዘነበ፣ ያውም በጃንዋሪ! በረዶው ላይ ውሃ ተኛበት። የበረዶ ሞተር ያለው ጎረቤቴን ለመንኩት። ወንዙን ወጥቶ አየና “ለምግብ ብዬ ሰው አልገድልም” አለኝ። ልክ ነበር፤ እኔ ግን ተቀየምኩት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጃንዋሪ 6 ሰማዩ ተከፈተ። የአውሮፕላኑን ድምፅ ስሰማ ጓንት እንኳን ሳላደርግ ሮጥኩ። ሰው ወረደ፣ ሻንጣ ወረደ፣ ዳይፐር ወረደ። የእኔ የለም። ደወልኩ። “ስልክ ቁጥር አልተጻፈበትም፣ የማን እንደሆነ ስላላወቅን ወደ ጎን አደረግነው” አለኝ። አራት ቀን ሙሉ ያናገርኩት እኮ እሱኑ ነው! ስሜንም ፊደል በፊደል ቆጥሬለት ነበር። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ግን ስልኩን ማስጻፍ የነበረብኝ እኔ ነኝ።

የዚያን ዕለት ማታ ሌላዋ ጎረቤቴ መጡ። እማማ ነው የምላቸው። “ኮከቡ ነገ ወደ አንቺ ቤት ይምጣ?” አሉኝ። አይሆንም አልኩ። በባዶ ቤት እንግዳ እንዴት ይገባል? በገና ሌሊት መብራት አጥፍቼ ተኛሁ። ዝማሬው በመስኮቴ ስር አለፈ። በጨለማ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ። ጠዋት በሬ ላይ ጨርቅ የተጠቀለለ ድስት አገኘሁ፤ የሙስ (ትልቅ የአጋዘን ዓይነት) ሾርባ ነበር።

ካርቶኑ ጃንዋሪ 9 ደረሰ። “አይቀዝቅዝ” ብላ እንድትጽፍበት ለጓደኛዬ ነግሬያት ነበር፤ እነሱም ማሞቂያ አጠገብ አስቀምጠውታል። እንጀራው ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ሻጋታ ለብሷል። ቅቤው ቀልጦ ቡናው ውስጥ ገብቷል። የተረፈው በርበሬው ብቻ ነው።

ስለዚህ እንጀራ አታስልኩ። የጤፍ ዱቄት በኦክቶበር ይግባ፤ እዚያው ታቦካላችሁ። የጭነት ድርጅቱ ሁለት ሳምንት ይበቃል ይላል። አይበቃም፣ ስድስት ሳምንት ያዙ። ዕቃውን ሦስት ቦታ ክፈሉት፣ በእያንዳንዱ ላይ ስልካችሁን በትልቁ አስጽፉ። በርበሬ ከእጅ ሻንጣችሁ አይለይ።

እማማ ጋ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ። የሙስ ሥጋ አውጥተው ሰጡኝ። ሙስ ያመሰኳል፣ ሰኮናውም ስንጥቅ ነው፤ ያደኑትም ክርስቲያኖች ናቸው፤ ሐሳብ አይግባችሁ። ስድስት ራስ ሽንኩርት አቁላልቼ፣ በርበሬውን በዘይት አብስዬ፣ ሩዝ ቀቅዬ ጠበቅኩ።

ኮከቡ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ገባ። ወደ ሠላሳ ሰው አንዲት ክፍል ውስጥ ቆመ። ጫማው ደጃፉን ሞላው። ኮከቡ ሲሽከረከር ጠርዙ ላይ ያለው ወረቀት ይንሿሿል፤ ብርሃኑ የልጆቹ ፊት ላይ ይሮጣል። መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ በሉ። እማማ አንድ ጉርሻ ቀምሰው ዓይናቸው እንባ ሞላ፣ ውሃ ጠጡ፣ ሳህናቸውን እንደገና ዘረጉ። ሲወጡም የቀረውን በርበሬ በትንሽ ጠርሙስ ቋጠርኩላቸው።