እንቅልፍ ስጪኝ ብዬ የለመንኳት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። ወገኖቼ ለጻድቃኔ ማርያም የተሳልኩት ስለት ከሰመረ እመሰክራለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ነበር፣ ግን ምስክርነቱ ውስጥ ክኒን ስላለበት አፍሬ ይኸው እስከዛሬ ዘገየሁ።

እኔ ትውልዴ መንዝ ነው፣ ደብረ ብርሃን ባጃጅ እሠራለሁ። መጀመሪያ የያዘኝ ጭንቀት ነበር፣ ሌሊት ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠብኝ ይመስለኛል፣ ልቤ ድው ድው ይላል። አንድ ክሊኒክ ሄድኩ አሚትሪፕትሊን የሚባል የድብርት መድኃኒት ሰጡኝ። ለካ ባይፖላር (ስሜትን አንዴ ከልክ በላይ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ድብርት የሚወስድ ሕመም) ያለበት ሰው የድብርት መድኃኒት ለብቻው ሲወስድ ወደ ላይ ሊያስፈነጥረው ይችላል፣ ያኔ ባይፖላር እንዳለብኝ እነሱም አያውቁ እኔም አላውቅ። ሌሊት ለመሥራት ብዬ ደግሞ ጫት ጨመርኩበት። አራት ቀን አልተኛሁም፣ ጠባሴ ላይ ቆሜ "ለሥላሴ ነው፣ በነፃ ነው ግቡ" እያልኩ ሰው ሳመላልስ ዋልኩ አደርኩ፣ ሰዉም ይገባል ምን ቸገረው፣ ቤንዚኑ በብድር። ወንድሜ ቁልፉን ሊቀማኝ ሲል በድንጋይ አባረርኩት፣ ይሄን ስጽፍ አሁንም ፊቴ ይግላል።

ይዘው ሆስፒታል ወሰዱኝ፣ መርፌ ወጉኝ፣ በማግስቱ አንገቴ ወደ ጎን ተጣሞ ቀረ፣ ምላሴም ተሳሰረ። እናቴ "ይሄማ ያ ርኩስ ነው" ብላ እሪ አለች፣ የመርፌው ጠባይ ነበር፣ አርቴን የሚባል ማፍታቻ መድኃኒት ሲሰጡኝ ለቀቀኝ። ግን እሷ አንዴ ፈርታለች። እንደወጣሁ የታዘዙልኝን ኦላንዛፒንና ቫልፕሮዌት በፌስታል አንጠልጥላ በሰላድንጋይ በኩል ጻድቃኔ ማርያም ወሰደችኝ።

እዛ ነው የተሳልኩት። "እመቤቴ ሌላ ምንም አልልሽም፣ እንቅልፍ ስጪኝ፣ ጃንጥላ አስገባልሻለሁ" አልኩ። አጠገባችን የተኛ አንድ ሰውዬ ደግሞ ጸበልና ክኒን አብሮ አይሄድም፣ ክኒኑ ጸበሉን ያረክሰዋል አለኝ፣ እኔም ሰበብ እየፈለግኩ ነበር መሰለኝ ክኒኑን ገደል ወረወርኩት። ሳምንት ሳይሞላኝ እንቅልፉ ጭራሽ ጠፋ፣ ሌሊት ተነስቼ ሰዉን እየቀሰቀስኩ መስበክ ጀመርኩ። አንድ አባት እናቴን ጠርተው "መድኃኒት ነበረው?" አሏት። "ጣለው አባቴ።" "ማን ጣል አለው? ሂጂ አስመጪለት፣ በጸበሉ እያወራረደ ይዋጠው።" ወንድሜ፣ ያው በድንጋይ ያባረርኩት፣ ከደብረ ብርሃን ይዞልኝ መጣ። ያን ማታ ዋጥኩ፣ ተኛሁ።

እንቅልፍ ብዬ ለመንኩ እንጂ ልኩን አልነገርኳትም መሰለኝ፣ ቀን ከሌት እተኛ ጀመር ኧረ! ስነቃ አፌ ደርቆ ጭንቅላቴ ጭቃ የተሞላ ይመስላል። ረሀቡን አትጠይቁኝ፣ የእናቴን በሶ ከነስልቻው ጨረስኩባት፣ በአምስት ወር ከ58 ኪሎ 71 ገባሁ። እሷማ "ልጄ ዳነ፣ ፊቱ ሞላ" እያለች ለጎረቤት ታሳየኛለች። እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ባጃጁን ወንድሜ ያዘው።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ሌላ ነው። ቤተክርስቲያን ቆሜ ምንም አይሰማኝም። በሽታው በነበረኝ ጊዜ ሰማይ የተከፈተልኝ ይመስለኝ ነበር፣ አሁን "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" 12 ጊዜ እላለሁ፣ እቆጥራለሁ፣ አለቀ፣ እንባ የለም። ጸጋዬን ክኒኑ ወሰደው ብዬ ሁለት ጊዜ ልተወው ደርሼ ነበር። ለሐኪሟ ነገርኳት፣ አልሳቀችም፣ በራስህ እንዳትቆርጥ ብላ ኦላንዛፒኑን ቀስ አድርጋ ከ10 ወደ 5 አወረደችልኝ፣ ቫልፕሮዌቱን ባለበት ተወችው፣ ጉበቴን ለማየት ደም እየሰጠሁ ቀጠልኩ። በፍልሰታ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልጹም ብዬ በባዶ ሆዴ ስውጠው አስመለሰኝ፣ የንስሐ አባቴ "ለበሽተኛ ማን ጹም አለ፣ ቆሎም ቢሆን ቀምሰህ ዋጥ" አሉኝ።

እንባዬ መቼ ተመለሰ መሰላችሁ፣ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት እናት ከባጃጅ ሲወርዱ ሂሳቡን ሰጥተውኝ "የልጅ አዋቂ ያድርግህ" ብለው መረቁኝ፣ መሪውን ይዤ አለቀስኩ። ጭንቀቱ አሁንም አልፎ አልፎ ይመጣል አልዋሽም፣ አራዳ መንገድ ሲዘጋጋ ደረቴን ይይዘኛል፣ 12ቱን እላለሁ፣ ያልፋል። ጫትና አረቄ ግን በቃኝ።

ስለቴን በህዳር ጽዮን ይዤ ሄድኩ። ማኅሌት ቆሜ ላድር ነበር ያሰብኩት፣ እንቅልፍ እንዳታዛባ የተባልኩት ትዝ ሲለኝ ግን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ክኒኔን በጸበል ዋጥኩና ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። እናቴ ጋቢዋን ጣል አደረገችብኝ። ከበሮው ሲመታ ትንሽ ሰምቻለሁ፣ ከዛ በኋላ ያለውን አላውቅም፣ ቅዳሴ ሊገባ ሲል ነው የቀሰቀሰችኝ፣ ጃንጥላውን እንዳቀፍኩት ነበር።