መስከረም 21 ቀን በሴኡል

መስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም. አገር ቤት ግሸን ማርያም የምትነግሥበት ዕለት ነበር፤ እኔ ግን ሴኡል ውስጥ፣ ሱንግኔሙን ከሚባለው ጥንታዊ የከተማ በር አጠገብ ቆሜ የደቡብ ኮሪያን የጦር ኃይሎች ቀን ሰልፍ እጠብቅ ነበር። ወደዚያች ከተማ የወሰደኝ የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ቢሆንም፣ ሥራው ካለቀ በኋላ በረራዬን አዘግይቼ የቀረሁት ለዚህ ሰልፍ ስል ነው። ታናሽ ወንድሜ መከላከያ ከገባ ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ሌላ ሕዝብ ገና በግዳጅ ላይ ያለ ወታደሩን፣ ያልሞተውንና ያልተሸኘውን ማለቴ ነው፣ እንዴት እንደሚያከብር በዓይኔ ማየት ፈልጌ ነበር።

የዋዜማው ሌሊት ክፉ ሌሊት ነበር። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ያገኘሁት የእንግዳ ማረፊያ ክፍል መስኮት አልነበረውም፤ ግድግዳውም ከመሳሳቱ የተነሣ የጎረቤቴ ሳል እስኪነጋ እንቅልፍ ነሣኝ። ይህስ ይቻላል፤ ያላስቻለኝ የጠዋቱ ነው። ባለቤቱ «ዛሬ የበዓል ቀን ነው» ብሎ ከተስማማንበት ዋጋ ላይ 30 ሺህ ወን ጨምሮ አስከፈለኝ። ዕለቱ እ.ኤ.አ. በ1991 ከሥራ መዝጊያ በዓላት ከወጣ በኋላ ለ2024 መንግሥት ለይቶ ሥራ እንዲዘጋበት ማወጁ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን ቃል የእምነት ዕዳ ነው ተብዬ ያደግሁ ሰው ነኝና ገንዘቡን ቆጥሬ ስሰጠው ንዴቴን መደበቅ አልቻልኩም።

ንዴቱን ያበረዱልኝ መንገድ ዳር ያገኘኋቸው አንዲት እናት ናቸው። ከ50 ዓመት ሳይዘሉ አይቀሩም። ቆሜ መድከሜን አይተው ተጣጣፊ መቀመጫቸውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉ፤ እምቢ ብል ክንዴን ይዘው አስቀመጡኝ። ከየት እንደመጣሁ ስነግራቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ደፉ፤ ከዚያም ስልካቸው ላይ ተናግረው ወደ አማርኛ የተመለሰውን ጽሑፍ አሳዩኝ። «ልጄ ወታደር ነው። ሊጨርስ አሥር ወር ቀረው» ይላል። ልጃቸው ከሰልፈኞቹ መካከል አልነበረም፤ ምድቡ ከሴኡል ርቆ በሰሜኑ ድንበር በኩል ነው። እሳቸው የመጡት የሌሎችን ልጆች ለማየት ነበር።

በዚያ አገር ለአገልግሎት ብቁ የሆነ ወጣት ወንድ ሁሉ በውትድርና ማገልገል ግዴታው ነው፤ የምድር ጦር አገልግሎት 18 ወር ነው። ስለዚህ በዙሪያዬ ከቆመው ሕዝብ አብዛኛው ራሱ ያገለገለ፣ ወይም ልጁን አለዚያም ወንድሙን የሸኘ ነው። ቀኑም የተመረጠው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 1950 (መስከረም 21 ቀን 1943 ዓ.ም.) የአገሪቱ ጦር በምሥራቁ የባሕር ዳርቻ በኩል፣ ያኔ ሁለቱን ኮሪያዎች ይለይ የነበረውን 38ኛውን ትይዩ መስመር አቋርጦ ወደ ሰሜን የገፋበትን ዕለት ለማሰብ ነው። ሰልፉ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ወደ ጓንግሃሙን አደባባይ አመራ። ታንኩና የሚሳይል ተሸካሚው ሲያልፍ ሕዝቡ ስልኩን አንሥቶ ፎቶ ያነሣ ነበር፤ እግረኛው ሲመጣ ግን በአጠገቤ የነበሩት ብዙዎቹ ስልካቸውን ኪሳቸው ከትተው አጨበጨቡ።

አንዱ ጓድ እፊታችን ሲደርስ ጥቂት ደቂቃ ቆመ። ከዳር ያለው ወታደር ሃያ ዓመት የሞላው አይመስልም፤ አገጩ ሥር ጠዋት ሲላጭ የቆረጠውን በትንሽ ፕላስተር ሸፍኖታል፤ ላቡ በጆሮው ጀርባ እየወረደ ኮሌታው ውስጥ ሲገባ ዓይኑን እንኳ አላንቀሳቀሰም። እናትየውም አይተውታል። የራሳቸውን አገጭ በጣታቸው ነክተው ወደ እሱ ጠቆሙኝ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

ኋላ በስልካቸው «እናንተስ ጋ እንዲህ ያለ ቀን አለ?» ብለው ጠየቁኝ። አለ አልኳቸው። የመከላከያ ሠራዊታችን ቀን ጥቅምት 15 እንደሚውል፣ መነሻውም በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴን የጦር ሚኒስትር ማድረጋቸው እንደሆነ አስረዳኋቸው። ታሪኩን አሳምሬ አውቀዋለሁ። በስድስት ዓመት ውስጥ ግን በዚያ ቀን ለወንድሜ አንድም ጊዜ ደውዬለት አላውቅም፤ ይህን ለእሳቸው ለመናገር አፈርኩ።

በማግሥቱ በባቡር ቹንቾን ሄድኩ፤ መንገዱ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። እዚያ ውኃ ዳር በኮሪያ ጦርነት የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር፣ የቃኘው ሻለቃ፣ መታሰቢያ ሐውልት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ሲመረቅ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተገኝተዋል። ፊት ለፊቱ ጣራው እንደ ጎጆ ቤት የተሠራ የመታሰቢያ አዳራሽ ቆሟል። ከስድስት ሺህ በላይ ዘምተው ከ120 በላይ መውደቃቸውን፣ አንድም ሰው አለመማረኩን ድሮም አውቅ ነበር፤ ፎቶግራፎቹ ፊት ስቆም ግን ልቤን የነካው የብዙዎቹ ፊት የወንድሜን እኩያ መምሰሉ ነው። በመርከብ ሲሄዱ ማን እንደሸኛቸው፣ ደብዳቤ ማን እንደጻፈላቸው እያሰብኩ ከተመደበልኝ ጊዜ በላይ ቆየሁ። የመልሱ ጉዞ ድካም ብቻ ነበር።

ጥቅምት 15 ቀን ከአዲስ አበባ ለወንድሜ ደወልኩለት። ኔትወርኩ አስቸግሮ በአራተኛው ሙከራ ገባልኝ። ከዘብ ገና መውረዱ ነበር። ስልኩን ያነሣው «እማዬ ደህና ናት?» እያለ ነው፤ ከቤት በሥራ ቀን የሚደወልለት ክፉ ወሬ ሲኖር ብቻ ነውና። ደህና መሆኗን፣ የደወልኩትም ቀናቸው ስለሆነ እንኳን አደረሰህ ልለው መሆኑን ነገርኩት። ዝም አለ። ከበስተኋላው ሰዎች ሲስቁ ይሰማ ነበር። ከዚያ «ቆይ፣ ለልጆቹም ንገራቸው» ብሎ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አደረገው።