እጃቸውን ያላወጡትን ተማሪዎች መስማት

የሂሳብ መምህር ሆኜ ለዓመታት ትምህርቱ መግባት አለመግባቱን የምለካው በሚወጡት እጆች ነበር። ጥያቄ ስጠይቅ የተለመዱት አራት ወይም አምስት ተማሪዎች እጃቸውን ያወጣሉ፤ አንዱ በትክክል ይመልሳል፤ እኔም ክፍሉ በሙሉ የተረዳ መስሎኝ አልፍ ነበር።

አንድ ቀን ግን ከ1/3 እና ከ1/4 የሚበልጠውን ሁሉም በቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፈው በአንድ ጊዜ ከፍ አድርገው እንዲያሳዩኝ ጠየቅሁ። 4 ከ3 ስለሚበልጥ 1/4 ይበልጣል ብለው ያሰቡት ከግማሽ በላይ ነበሩ። ያን ያህል ተማሪ ዝም ብሎ ተሳስቶ ሲቀመጥ አለማወቄ በእጅጉ አሳዘነኝ።

ከዚያ በኋላ መጀመሪያ የቀየርሁት የጥያቄውን ቅደም ተከተል ነው። ስም አስቀድሜ ስጠራ ሌሎቹ ማሰብ ያቆሙ ስለነበር፣ አሁን ጥያቄውን አስቀድሜ፣ ጊዜ ሰጥቼ፣ ስም የምጠራው በመጨረሻ ነው። ተመራማሪዋ ሜሪ ባድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባሳተመቻቸው ጥናቶች መምህራን ከጥያቄ በኋላ የሚታገሡት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሆነ፣ ይህ ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከፍ ሲል ግን መልሶቹ እንደሚረዝሙና ዝም የሚሉት እንደሚቀንሱ አሳይታለች። ሦስት ሰከንድ ቀላል ይመስላል፤ ሠላሳ ዓይኖች እያዩኝ በልቤ መቁጠር ግን ሳምንታት ልምምድ ጠይቆኛል።

ትልቁ ስሕተቴ ስም መጥራትን ሐሳባቸው የባከነ ተማሪዎችን ለመያዝ መጠቀሜ ነበር። ተማሪዎቹ ጥያቄን እንደ ቅጣት መፍራት ጀመሩ፤ ጥፋቱም የእኔ ነበር። ስለዚህ አስቀድመው ከጎናቸው ካለው ተማሪ ጋር ለአንድ ደቂቃ እንዲወያዩ አደረግሁ፤ የምጠራው ተማሪም ከፈለገ የጓደኛውን ሐሳብ እንዲናገር ፈቀድሁ። እንዲህ ሲሆን ብቻውን ለስሕተት የተጋለጠ አይመስለውም።

«አላውቅም» የሚለውን መልስ ተቀብዬ ማለፍንም ተውሁ። ሁለት ሌሎች ተማሪዎች ከመለሱ በኋላ ወደዚያው ተማሪ ተመልሼ ከማን ጋር እንደሚስማማና ለምን እንደሚስማማ እጠይቀዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያት ያቀርባል።

ይህ ሁሉ ጊዜ ስለሚወስድ በአንድ ክፍለ ጊዜ የምጠይቃቸው ጥያቄዎች በጣም ቀንሰዋል። አሁን ከዋዜማው ሦስት ጥያቄዎችን መርጬ፣ ከእያንዳንዳቸው ጎን ሊመጡ የሚችሉ የተሳሳቱ መልሶችን ጽፌ እገባለሁ።